መርዶ በስልክ አይነገርም

ባለፈው ሐሙስ ለሰንበት የሚሆን ቲማቲምና ድንብላል ልገዛ ወደ ኔታንያ ገበያ ወጥቼ ነበር። ከዓሣ ሻጮቹ አለፍ እንዳልሁ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ዕቃ መሬት ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ የበር እጀታ፣ የተሰነጠቀ የግድግዳ ሰዓት፣ ጓደኛዋ የጠፋ ጫማ። ከመሃላቸው ቴፕ ሪኮርደር አየሁ። ጥቁር ነው፣ መሸከሚያው ተሰብሯል፣ ቀዩ ቁልፍ ግን በቦታው አለ። እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ሽማግሌው ገዢ መስዬው «ይሠራል፣ ይሠራል» አለኝ። እንዴት እንደሚሠራማ ለእኔ አይነገርም! ቀዩን ቁልፍ ከጎኑ ካለው ጋር በሁለት ጣት አንድ ላይ ካልተጫኑት እንደማይቀዳ፣ ሲቀዳም ትንሽ እንደሚያጓራ፣ በጣም ከቀረቡት ትንፋሽን ነፋስ እንደሚያስመስል አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ለኖአ ብነግራት «ሳባ፣ ደግሞ ጀመርህ» ትለኛለች። ሳባ ማለት በዚህ አገር አያት ማለት ነው። አዎ፣ ጀመርሁ። ሰባን አልፌ ካልጀመርሁ መቼ ልጀምር ነው?

ከጎንደር በመጣን ሰሞን ቴፕ የሌለው ቤተሰብ አልነበረም። አልጋ በቅጡ ያልገዛ ሰው ቴፕ ይገዛል። ለሙዚቃ እንዳይመስላችሁ፣ ለሰላምታ ነው። ታናሽ እህቴ ጥሩዬ እዚያው ቀርታለች። እኛ ስንነሳ የእሷ ስም አልወጣም፤ «በሚቀጥለው ትመጫለሽ» አሏት፣ የሚቀጥለውም ሌላ የሚቀጥለው እየወለደ ዓመታቱ ነጎዱ። እናትና አባታችን በጊዜ ስላለፉ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ፀጉሯን እንኳ እኔ ነበርሁ የማበጥርላት፤ እንዴት እንደማበጥር ያየ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። እንግዲህ እሷ ዘንድ ስልክ የለም፣ ደብዳቤ ብንጽፍላት የሚያነብላት ሰው ፍለጋ መንደር ለመንደር ልትዞር ነው። የቀረን ካሴት ነበር።

ባዶ ካሴት እዚሁ ገበያ ውስጥ አምስት አምስቱ በላስቲክ ታስሮ ይሸጥ ነበር፤ የአንዱ ዋጋ ከአንድ ፍላፍል አይበልጥም። ባዶ ስናጣ የዘፈን ካሴት እናነሳና ከአናቱ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ጠቅጥቀን በዘፈኑ ላይ እንቀዳለን። ሰንበት ወጥቶ መብራት እንደ በራ ሁላችን ጠረጴዛውን እንከባለን። ባለቤቴ ዘውዲቱ ለካሴት ብላ ቀሚስ ትቀይር ነበር። እኔም ያችን ኮሌታዋ የሰፋ ቡኒ ሸሚዜን አጠልቃለሁ። ማን ያየናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው ይቀርባሉ፣ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ሰላምታው ይወርዳል። ጥሩዬ እንዴት ከረምሽ፣ ባልሽ እንዴት ከረመ፣ አማቶችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ ያቺ ቀንዷ የተሰበረ ላም እንዴት ናት? አንደኛው የካሴት ፊት በሙሉ በዚህ ያልቃል። ገልብጠን ሁለተኛው ፊት ስንደርስ ፍሬ ነገሩ ይመጣል። ፍሬ ነገሩ ብዙ ጊዜ «ደህና ነን» ነው።

ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ካሴቱን በካልሲ ጠቅልለን እንሰጠዋለን። መልሱ ቢፈጥን በወራት ነው። እስኪመጣ ምን ጠይቀን እንደ ነበር እንረሳለን፤ እሷ «አዎ፣ ሸጥነው» ስትል ምኑን እንደ ሸጡት ቁጭ ብለን እንከራከራለን። ከሁሉም የማልረሳው ግን የጥሩዬን ዝምታ ነው። ካሴት ማለት ሰው መስሏት ነበር። «አያዬ፣ እግርህን ተሻለህ ወይ?» ትልና ጸጥ ትላለች፤ እኔ የምመልስበትን ጊዜ መተዋ ነው። በዝምታው ውስጥ ዶሮ ይጮኻል፣ በር ይንኳኳል፣ የሆነ ሰው ይስላል። እኔም አዋቂው ሰውዬ ቴፑን አፍጥጬ እያየሁ «ተሽሎኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ያን ጊዜ እሷ ልክ እንደ ሰማችኝ «እሰይ!» ብላ ትቀጥላለች። አንዴ «ዘውዲቱ ወለደች?» ብላ ዝም አለች። «አይ፣ ገና ነች» አልሁ። ጥሩዬ «እልልልል!» ብላ አቀለጠችው። ዘውዲቱ በሳቅ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት። ደግሞ ጥሩዬ «በሰላም ያገናኘን» ብላ ሳትጨርስ፣ ከሥር የነበረው ዘፋኝ ከግጥሙ መሃል ተነስቶ ያንባርቃል፤ ስንት መዝሙር የሚመስል ምርቃት በዘፋኝ ተቋርጦብናል።

እኔ ያን ጊዜ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን የፕላስቲክ ሳህን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ አሻጊ ነበርሁ። ከዚያ በፊት ኤቨን የሁዳ አጠገብ ብርቱካን ለቅሜ ነበር፤ ብርቱካኑ ይሸትታል፣ ሳህኑ ግን የሚሸተው ነገር የለውም፣ ቀኑ አይገፋም። ስለዚህ ዎክማን ገዛሁ። ያቺን ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ቴፕ የዛሬ ልጆች አያውቋትም። ጥሩዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳህን አሽጋለሁ። እሷ ስትጠይቅ እመልሳለሁ፣ ስትመርቅ አሜን እላለሁ፣ ስታወጋ እስቃለሁ። አለቃችን ኒሲም የሚባል የሞሮኮ ሰው ነበር፤ እየጸለይሁ ስለመሰለው ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎኛል። አንድ ቀን ስስቅ ያዘኝና «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ። «ከእህቴ ጋር» አልሁት። «የታለች?» አለኝ። «ጎንደር።» ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀለና የራሱ ጆሮ ላይ አደረገው። አንዲት ቃል ሳይገባው ቆሞ ብዙ ሰማ። ሲመልስልኝ «እናቴም ልክ እንዲህ ነበር የምታወራው» ብሎ ወደ ማሽኑ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካሴት ሲመጣ «እህትህ ደህና ናት?» ሳይለኝ አያልፍም።

ከካሴቱ በኋላ የሕዝብ ስልክ ዘመን መጣ። ከፖስታ ቤቱ ጎን ጥግ ላይ ሦስት ስልኮች ተደርድረው ቆመው ነበር፤ የመካከለኛዋ ካርድ ስለምትበላ የሚቀርባት አዲስ መጪ ብቻ ነው። ጥሩዬ በቀጠሮ ጎንደር ከተማ ቴሌ ትመጣለች፣ እኔም በቀጠሮ እሰለፋለሁ። በሃያ ሼቅል የሚሸጠውን ካርድ ከኪዮስኩ ገዝቼ ቁጥሩን በጥፍሬ እፍቃለሁ። ከእግራችን ሥር የሱፍ ልጣጭ ተነጥፏል። አንዳችን ስንደውል ሌላው ዞር አይልም፤ ሰልፈኛው ሁሉ የእያንዳንዱን ቤት ጉዳይ ያውቃል። «ልጅህ አገባች አሉ» ትባላለህ ገና ስልኩን ሳትዘጋ፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያሉ ይስሙሃል። ሰው ሠርግ የሚጠራው፣ ሥራ የሚጠቋቆመው፣ የታመመ የሚጠይቀው በዚያ ሰልፍ ነበር። ዛሬ ያ ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ስኩተር ያቆሙበታል። ስልክ በየኪሳችን ከገባ ወዲህ ከጎንደር ጋር ቀርቤ ከሰልፉ ሰዎች ጋር ተራርቄያለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰጥ ዕቃ እስካሁን አልተሠራም።

እንዲያም ሆኖ ስልኩን አላማርርም፤ ያማረርሁ እንደ ሆነ ውሸታም ነኝ። ኖአ ዋትሳፕ ያስገባችልኝ ቀን የጥሩዬን ፊት አየሁ። ፊት ማለቴ ግንባሯን ነው። እህቴ ስልኩን እንዴት እንደምትይዘው እግዚአብሔር ይወቅ፣ ሁልጊዜ የሚታየኝ ግንባሯና የቤቷ ጣራ ነው። የጣራዋን ቆርቆሮ ምስማር በምስማር አውቀዋለሁ። ማታ ማታ ቪድዮ፣ ቀን ቀን የድምፅ መልእክት። ድምፁን ኖአ በእጥፍ ፍጥነት ስታዳምጠው ደርሼባት ተጣልተናል። ጥሩዬ እንደ ወፍ ስትንጫጫ ሰማሁ። «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላት «ሳባ፣ ዶዳ ጥሩዬ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ‹እንዴት ናችሁ› ብቻ ነው'ኮ የምትለው» አለችኝ። ዶዳ ብላ አክስቷን ማለቷ ነው። «ታዲያ ሌላ ምን እንድትል ፈለግሽ?» አልኋት።

ባለፈው ዓመት ግን ስልኩ ጸጥ አለ። እዚያ አካባቢ ግርግር ተነሳ አሉ፣ ኔትዎርኩም ጠፋ። የላክሁት መልእክት አጠገብ የምትወጣዋ ምልክት አንድ ሆና ቀረች፤ ሁለት ካልሆነች አልደረሰም ማለት ነው። በቀን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየኋት አልነግራችሁም። ወጣቶቹ «ሬሼት የለም፣ ሌላ ነገር የለም» ይሉኛል፤ ሬሼት የሚሉት ኔትዎርኩን ነው። እኔ ግን ሳምንታቱ በተደራረቡ ቁጥር ከስልኩ ይልቅ ሰዎቹን ማየት ጀመርሁ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዛሬም አይነገርም። ሰው ሲሞትብህ መጀመሪያ የሚሰማው ዘመድ ሁሉ ነው፣ የመጨረሻው አንተ ነህ። ተጠራርተው፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ ለሥራ ሳትወጣ ይመጡብሃል፤ ይዘውህ ደጋግፈውህ ይነግሩሃል። በስልክ ቢነግሩህ ስትወድቅ ማን ይይዝሃል? ደግ ሥርዓት ነው። ክፉ ጎኑ፣ የሚወዱህ ሰዎች በጣም ሲንከባከቡህ ትደነግጣለህ።

አንድ ረቡዕ ዘውዲቱ በጣም ተንከባከበችኝ። ዶሮ ሠራች፣ በረቡዕ! «ብላ እንጂ፣ ይቺን ድገም» ትለኛለች። በአርባ ምናምን ዓመት ትዳር ድገም ብላኝ አታውቅም፤ እንዲያውም ሆድህን ቀንስ ነው የምትለኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ሽንኩርቱ ነው» አለች። ቀጥላ ስልኬን ከጠረጴዛው አነሳችና «ሶላላው አልቋል፣ ልሰካልህ» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ባትሪው እንዳላለቀ አውቃለሁ፣ አሁን ሰክቼ ነው ያወጣሁት። ነገ ሐዘን ላይ እህል እንደማይቀምስ የሚያውቁት ሰው ዛሬ በደንብ እንዲበላ ይደረጋል፤ እኔም ለሌላ ሰው እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ። አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ልትነግረኝ ነው፣ ከነገረችኝ ደግሞ ጥሩዬ ትሞታለች። ዶሮውን እያነቀኝ በላሁት።

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ለብሼ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። መጀመሪያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ብዙ እግር ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁ። ማንም አያወራም። ሃበሻ እንዲያ ሆኖ ተሰብስቦ ዝም ካለ ነገር አለ። በሩን ራሴ ከፈትሁት። ቄሳችን ጥምጥማቸውን አድርገው ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ወንዶች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዷ ንፍሮ በድስት ይዛለች። ልጄ ይስሐቅ፣ የኖአ አባት፣ ክንዴን ያዘኝ። «ልጄ ተገኘ» አሉኝ ቄስ በስሜ ጠርተው፣ «የፈጠረ አምላክ…» ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። «ጥሩዬን! ጥሩዬ፣ እኔን ያስቀድመኝ!» ብዬ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ቤቱ በአንድ ጊዜ በልቅሶ ተናጋ። ዘውዲቱ ሌሊቱን ያፈነችውን ሁሉ ለቀቀችው። አንዲት የአክስታችን ልጅ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች፤ ጥሩዬ ደጓ፣ ጥሩዬ እጀ ሰፊዋ፣ ጥሩዬ ደጅ ቆሞ ለሄደ የምታዝኚው። ፊት ለፊት የምትኖረው ሱዛን በሌሊት ልብሷ ወጥታ ውሃ በብርጭቆ አምጥታ፣ ማንን እንደምታጠጣ ግራ ገብቷት ራሷ ጠጣችው።

በዚህ መሃል ኖአ ደረሰች። አንድ እጇ ላይ ኬክ፣ ሌላው እጇ ላይ ፊኛ፣ ሰማያዊና ቢጫ፣ ብዙ ፊኛ። በሩ ላይ ስትደርስ ልቅሶውን አየች። መሬት ላይ የተዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ከቦኛል። «ማ ካራ? ምን ሆነ? ሚ ሜት? ማን ሞተ? ሳባ! ሳባ!» ብላ ኬኩን ለሱዛን አሸክማ ላዬ ላይ ወደቀችብኝ። ፊኛዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። ሁሉም ሰው ያለቅሳል፣ ለምን እንደ ሆነ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚያውቀው። ልክ ያን ጊዜ የኖአ ስልክ ጮኸ። ከልምድ ይሁን ከድንጋጤ እንጃ፣ እያለቀሰች ከፈተችው። መጀመሪያ ግንባር ታየ፣ ከግንባሩ በላይ የማላውቀው ጣራ። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ «ወይኔ አያዬን! ወይኔ ሳላገኝህ! ወይኔ ወንድሜን ምን በላብኝ!»

ጥሩዬ ናት። እህቴ ልቅሶውን በስልኩ ሰምታ፣ የሞትሁት እኔ መስያት ስታለቅስልኝ ሰማኋት። ከወለሉ ላይ እንዴት እንደ ተነሳሁ አላውቅም፤ ጉልበቴ ሐኪም ቤት ለዓመታት ያመላለሰኝ ሰው ነኝ።

«ጥሩዬ! ማን ሞቶ ነው የምታለቅሺው?»

«አንተ ነሃ!»

«እኔማ አለሁ! የሞትሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ? ማን አለ? ኧረ ቁሜ ነው የማወራህ!»

ሙሾ አውራጇ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረች። ቄስ ቀስ ብለው ወደ ስልኩ ቀርበው ግንባሩን ተመለከቱ፣ «እሷ ናት» አሉ። ከዚያ የወጣውን እልልታ ሱዛን እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥሩዬ የመምጫ ፈቃድ መጥቶ ነበር። ደሴ የሚባለው ልጇ ይዟት በመኪና አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ኔትዎርክ እንዳገኘ ለኖአ ይደውላል፤ ሁለቱ በስልክ ይጫወታሉና። ኖአ ወዲያው ሀፍታዓ አሰበች። እዚህ ልጆቹ እንዲህ የሚሉት ደስታን ደብቆ በድንገት ዱብ ማድረግን ነው። ጥሩዬ ረፋዱ ላይ ቢሮ ቀጠሮ ስላላት በማለዳ በቪድዮ ትደውል ተባባሉ። ኖአ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ከዚያው ሆና ለዘመድ ሁሉ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ይስሐቅ ስልኩን አውጥቶ በሁላችን ፊት ከፈተው። «ሻሎም ኩላም» ትላለች፣ ሁላችሁም ሰላም ማለቷ ነው። «ስለ ዶዳ ጥሩዬ ወሬ መጥቷል። ነገ ጠዋት፣ በጠዋት በጠዋት፣ ሁላችሁ ሳባ ቤት ኑ። ለሳባ እንዳትነግሩት፣ ቴሌፎን እንዳትደውሉለት። ምግብ አምጡ። በቫካሻ፣ እባካችሁ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አለች ኖአ ዓይኗን እየጠራረገች።

«ይህ መርዶ ነው፣ ልጄ» አላት አባቷ። «ከዚህ የተሻለ መርዶ ተነግሮ አያውቅም።»

«ለምን አልጠየቃችሁኝም? ቴሌፎን አለኝ'ኮ!»

«መርዶ በስልክ ይጠየቃል እንዴ?» አለች ዘውዲቱ። እውነትም ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ የጠየቃት አልነበረም። ሁሉም ሰምቶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ነጠላውን አውጥቶ፣ ንፍሮ ዘፍዝፎ ነው ያደረው።

ቄስ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «በዕድሜዬ ስንት መርዶ ተናግሬያለሁ» አሉ፣ «ያልተሳካልኝ የዛሬው ብቻ ነው። ስሙ ይባረክ።» ንፍሮውም ኬኩም አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ፤ አብረው ሲበሉ እንደማያስጠሉ ያን ቀን አወቅሁ። ጥሩዬ ግን ከስልኩ አልወርድም አለች። ቢሮው ይጠብቅ አለች። «ማን ማን ነው የመጣው? ዞር ዞር አድርጉልኝ። ዘውዲቱ አልቅሳለች? ፊቷን ልየው። እሰይ፣ አልቅሳለች!» ቀጥላ «ሙሾ ሲወርድ ሰምቼ ነበር፣ የእኔ ነበር ለካ! እስኪ ድገሙልኝ» አለች። የአክስታችን ልጅ አፍራ «ተይ እንጂ፣ በቁምሽ!» አለቻት። «ስሞት እንደሁ አልሰማው» አለች ጥሩዬ፣ «አሁኑኑ ጨርሽልኝ።» የአክስታችን ልጅም ተነሳች፤ ደጓ፣ እጀ ሰፊዋ እያለች ሙሾውን በጭብጨባ ደገመችው። ጥሩዬ አዲስ አበባ ሆና ግንባሯን እየነቀነቀች፣ አንዳንዱን «ይሄስ ውሸት ነው» እያለች፣ የራሷን ልቅሶ እስከ መጨረሻው ሰማች።

የመጣች ቀን አውሮፕላን ጣቢያ ስንቀበላት ፊኛውን ኖአ ያዘችው፤ ነጠላ በወጉ ተለበሰ። በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ ወደ ፊት ገፋ። እኔ ግንባር ስፈልግ ነበር። ያገኘኋት ሙሉ ሰው ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ምርኩዝ የያዘች። ምርኩዙን አላውቀውም ነበር። ስልኩ ከአንገቷ በታች አሳይቶኝ አያውቅም፣ እሷም ነግራኝ አታውቅም። ሮጬ ደረስሁባት፤ ተሳሳምን፣ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ከዚያ ትከሻና ትከሻ ተያይዘን ተያየን።

«ጥሩዬ! ትሰሚኛለሽ?» ብዬ ጮኽሁ።

«እሰማሃለሁ አያዬ! አንተስ? ይሰማሃል?» ብላ እሷም ጮኸች።

«በደንብ ይሰማል!»

ሰው ዞሮ ያየናል። ኖአ ከመካከላችን ገብታ «ሳባ፣ ለምን ትጮኻላችሁ? አጠገብህ ናት'ኮ» አለች። እውነቷን ነው፤ አፍንጫችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሬያችንን ሁሉ የጀመርነው በዚሁ ነበር፤ ሌላ መጀመሪያ አናውቅም። መስመሩ ሳይቆረጥ ብለን ደህና ነኝ፣ ደህና ነን፣ ሁሉም ደህና ነው ተባብለን እንዘጋለን። አሁን የሚቆረጥ ነገር የለም። ሁለታችንም ቀጥሎ የሚባለው ጠፍቶን ቆምን። ጥሩዬ ዙሪያዋን አየች፣ ምርኩዟን ወደ ግራ እጇ አዛወረች፣ በቀኝ እጇ አንገቴን ወደ ታች ስባ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«አያዬ» አለችኝ በቀስታ፣ «እርቦኛል።»

በዚያ ሁሉ ካሴት፣ በዚያ ሁሉ ስልክ፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ ነግራኝ አታውቅም ነበር።